ኩራዙ የጠፋበት ቁመት

ጋሼ ደምለው፣ አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበረ። ስለ ሚስቴ፣ ስለ እህትህ፣ የጠየቅኸኝን ሰምቻለሁ። «ልጃችሁን አብረን ቀበርን። አንተም ሥራህን ጀምረሃል። እህቴ ብቻ ምን ሆና ነው ከፍራሹ የማትነሣው? ድሮም ደካማ ናት። ነገ ሠርጉ ላይ ይዣት እሄዳለሁ፤ ሰው መሃል ስትገባ ይወጣላታል» ብለሃል። ከመውሰድህ በፊት የዚህን ሰው ነገር ስማኝ።

ሰውየው የሚኖረው ፍል ውሃ ባለበት ቆላ ነው። ሥራው ለሰው የውሃ ጉድጓድ መቆፈር ነበር። አንድ የማይጥሰው ደንብ አለው። ጉድጓድ ከመግባቱ በፊት ኩራዝ ለኩሶ በገመድ ያወርዳል። ኩራዙ እንደነደደ ታች ከደረሰ ይገባል። ከጠፋ አይገባም። አባቱም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ለምን እንደሚጠፋ አንዳቸውም አያውቁም። በጠፋበት የገባ ሰው እንደማይወጣ ግን ያውቃሉ።

ይህ ሰው ሴት ልጅ ነበረችው። ገና ሩጫ የለመደች ትንሽ ልጅ ናት።

ከመንደሩ በታች አንድ ሰፊ ጎድጓዳ ሜዳ አለ። እዚያ ብዙ ጊዜ የሞተ ወፍ ይገኛል። አልቆሰለም፣ አልተበላም፤ ዝም ብሎ ሣሩ ላይ ወድቋል። የመንደሩ ሰው እያየ ይገረማል፤ ተገርሞም ያልፋል። ነፋስ በሌለበት አንድ ጠዋት ቆፋሪው ልጁን አስከትሎ ሜዳውን ሲያቋርጥ፣ ልጅቷ የሞተች ርግብ አየችና ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ ተኝታለች» አለችው።

«ተያት፤ ነይ እንሂድ።»

«ላስነሣት።»

አባትየው መንገዱን ቀጠለ። ዞር ሲል ልጅቷ ከርግቧ አጠገብ ጋደም ብላለች። ያኮረፈች መሰለው። «ተነሺ!» አላት ቆሞ። «ተነሺ፣ ትቼሽ ልሄድ ነው!» አልተንቀሳቀሰችም። ተመልሶ፣ ጎንበስ ብሎ ሲያነሣት ራሱን አዞረው። እንደምንም ታቅፏት ወጣ። ልጅቷ አልነቃችም።

ኩራዙ ቤት ነበር። ሰማይ በተከፈተበት ሜዳ፣ በቀን ብርሃን፣ ማን ኩራዝ ይለኩሳል?

ለቅሶ ቤት ወሬ አይጠፋም። አንድ ቃሉ የሚሰማ ባለጠጋ ነበረ። «ያንኑ አየር አባትየውም ተንፍሶታል፤ ይኸው ቆሞ ይሄዳል። ልጅቷ ድሮም ልቧ ደካማ ነው» አለ። ሌላውም እውነት ነው እያለ ተቀበለው። ለቆፋሪው ከልጁ የቀረለት ስሟ ብቻ ነበር። «ደካማ» እያሉ እሱንም ሊወስዱበት ሆነ።

ሌላ ነፋስ የሌለበት ጠዋት ጠብቆ፣ ኩራዙን ይዞ ባለጠጋውንና ጎረቤቶቹን ወደ ሜዳው አወረዳቸው።

«በቀን ኩራዝ! ፀሐይ አልበቃችህም?» አለ ባለጠጋው። ሰዎቹ ሳቁ።

ቆፋሪው ኩራዙን ለኩሶ ደረቱ ላይ ያዘው፤ ነደደ። ወደ ወገቡ አወረደው፤ ነደደ። ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ነበልባሉ አነሰ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጠፋ። እፍ ያለበት የለም። እንደገና ለኮሰ፤ እንደገና እዚያው ቁመት ላይ ጠፋ። ሳቁ ቆመ።

«እስቲ ይንበርከኩ፣ ጌታዬ» አለው ባለጠጋውን።

ባለጠጋው ተንበርክኮ ፊቱን ወደ ሣሩ አስጠጋ። ወዲያው እያሳለው፣ ዓይኑ ፈጦ ተነሣ። ጋቢው መሬት ወደቀ፤ ለማንሣት ግን እንደገና ጎንበስ ማለትን አልደፈረም።

«ልጄ የተነፈሰችው ይህንን ነው» አለ ቆፋሪው።

ነገሩ ይኸው ነበር። በእንዲህ ያለ አገር ከመሬት ስንጥቅ የሚወጣ፣ በዓይን የማይታይ አየር አለ። ከምንተነፍሰው አየር ይከብዳል። ነፋስ ካልበተነው እንደ ውሃ ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል። የቆመ ሰው በላዩ ያልፋል፤ ምንም አይታወቀውም። ዝቅ ያለው ይሰጥማል። ሰዎቹ ሜዳውን በእሾህ አጠሩት፤ ሌላ ልጅ አልሞተበትም። ባለጠጋውም ያንን ቃል ሁለተኛ አልተናገረም። ቆፋሪው ግን ምክንያቱን ይዞ ወደ ባዶ ቤቱ ገባ።

ጋሼ ደምለው፣ ይህ ቤት ያ ሜዳ ነው። አንተና እኔ ቆመናል። ሥራ አለን፤ የምንሄድበት አለን፤ መንገድ ላይ ሰው ሰላም ይለናል። የምንተነፍሰው አናጣም። እህትህ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ናት። ልጃችንን ታጠባ የነበረችው እሷ ናት፤ ወተቱ ገና አልደረቀላትም። በዚያው ሐዘን ውስጥ እኛ ስለቆምን እሷ ደካማ አትሆንም። አንተ ግን ትናንትም ዛሬም በሩ ላይ ቆመህ «ተነሺ» አልካት። ቆፋሪውም ልጁን ቆሞ ያላት ይህንኑ ነበር።

የሠርጉን ነገር ተወው። አሁን ግባ። ወንበር ግን ይዘህ አትግባ፤ ያለችው መሬት ላይ ነው።