ጥራጊ የማትደፋዋ ይመኙሻል

ይህን ያወሩልኝ የባለቤቴ አክስት እትዬ ዘነቡ ናቸው። እሳቸውም ከእናታቸው ሰምተው ነው። እኔ ምንም አልጨመርኩበትም፤ ብጨምርም ለጣዕም ያህል ነው።

ድሮ ነው አሉ፣ የዛሬው ገበያ ጫካ፣ የዛሬው ጫካ ሰፈር በነበረ ጊዜ። ሰንበሌጥ ወንዝ ዳር አንድ ቆዳ ቤት ነበር። ጌታው ባሻ ወንድይፍራው ናቸው። ወንዶቹ ቆዳ ይፍቃሉ፣ ያለፋሉ፤ ሴቶቹ ያጥባሉ፣ ይጠርጋሉ። የሴቶቹ አለቃ አሰገደች ነበረች። የጓዳው ቁልፍ ከመቀነቷ አይለይም። ቅጭል ሲል ሴቱ ሁሉ ሥራው ላይ ጎንበስ ይላል። ለአሰገደች ከአለቅነቷ የሚበልጥ ነገር አልነበራትም። ባል እንኳ አላገባችም።

በኋላ ይመኙሻል የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከቆላ መጣች። ጥራጊ እንድትደፋ ተቀጠረች። ከቆዳው የተፋቀውን ጠጉር ወንዝ፣ ቅንጥብጣቢውን ወንዝ፣ ቆዳ የሚነከርበትን የግራር ልጥ ውሃም ወንዝ። ልማዱ እንዲያ ነበር።

በዚያው ዓመት የታችኛው አገር ሽማግሌዎች መጡ።

«ባሻ፣ ከብታችን ውሃ አልጠጣም አለ። እስከ መስቀል ወንዙ ካልጠራ ቆዳ ቤትዎን በዳኛ እናስነሳለን» አሉ።

ቆዳ ቤቱ ከተነሳ ሰፈሩ ምን ሊበላ? ባሻ ጢማቸውን ይዘው ቀሩ።

በማግስቱ ይመኙሻል ጠጉሩን ወንዝ አልደፋችም። አጠበችው፤ ደግማ አጠበችው፤ ውሃው እስኪጠራ አጠበችው። ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ከኮርቻ ሥር የሚነጠፍ ትራስ ሞላችበት። ነጋዴዎቹ ወደዱት። ባሻም «በርቺ» አሏት።

ያቺ ቃል አሰገደችን እንቅልፍ ነሳቻት። እሷን በርቺ ካሏት ስንት ክረምት አለፈ? «ዛሬ በርቺ፣ ነገ ደግሞ አለቃ ሁኚ ይሏታል» አለች በልቧ። ተነስታ እሷም ጠጉር ሰበሰበች። ግን ወንዝ ወርዶ ማጠቡ ክብሯን ነካባት። ጠጉሩን ከቆዳው ያላቀቀው አመድ እንዳለበት ትራስ ሞልታ ከባሻ በቅሎ ኮርቻ ሥር አነጠፈችው። አመዱ ከላብ ሲገናኝ በቅሎዋን አንገበገባት። በቅሎዋ ባሻን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ሰው ሁሉ እያየ ጣለቻቸው። ይመኙሻል የማን እጅ እንደሆነ አወቀች። ለማንም ሳትናገር የበቅሎዋን ጀርባ ቅቤ ቀባች። ይኸው ዝምታዋ አሰገደችን ከስድብ በላይ ቆጠቆጣት።

ቀጥሎ ይመኙሻል ቅንጥብጣቢውን ወንዝ አልደፋችም። በአሮጌ ድስት ቀቀለችው። ተዝለገለገና ሙጫ ሆነ። መጽሐፍ ደጓሹም፣ በገና ሠሪውም እየመጣ ይወስድ ጀመር። አሰገደች በየደጁ ዞረች።

«እናንተዬ፣ ያቺ ቆለኛ የምትቀቅለውን አያችሁት?»

«ምን ትቀቅላለች?»

«እኔ አላልኩም። ብቻ የባሻ ፊት እሷን ሲያይ የሚፈታው በባዶ አይደለም።»

ወሬው ባሻ ጆሮ ደረሰ። መጡና ድስቱን ከፈቱ። ጣታቸውን ነከሩ። እያሰቡ ጢማቸውን ዳበሱ። ጣትና ጢም እንደተያያዘ ቀረ። ይመኙሻል በሙቅ ውሃ ስታላቅቃቸው «መስተፋቅር ነው ብለውኝ ነበር፤ እውነትም አይለቅም» ብለው ሳቁ። አሰገደች ሳቁን ከጓዳ ሆና ሰማች። የያዘችውን ቅል ወርውራ ሰበረችው።

መስቀል ሲቃረብ ጠጉርና ቅንጥብጣቢ ከወንዙ ጠፍቷል፤ ውሃው ግን ከሚደፋበት ልጥ የተነሳ አሁንም ቀይ ነው። ባሻ ሰውን ሰበሰቡ።

«እመት አሰገደች፣ አለቃዋ አንቺ ነሽ። የልጡን ውሃ ምን እናድርገው?»

ሰው ሁሉ አፏን አየ። አሰገደችን ቅናቷ ቀደማትና «እኔን ምን ይጠይቁኛል! ለይመኙሻል ያሳዩት!» አለች።

ለሽሙጥ ነበር ያለችው። ሰው ግን «እውነቷን ነው» ብሎ ተነሳ። ባሻም ተነሱ። ሁሉም ወደ ይመኙሻል ሄደ። አሰገደች ግቢው መሃል ብቻዋን ቆማ ቀረች።

ይመኙሻል ውሃውን በጣቷ ቀመሰች።

«ይሄ ደከመ እንጂ መች ሞተ? አዲስ ቆዳ በደካማው ውሃ ይጀምር፣ በአዲሱ ብርቱ ውሃ ይጨርስ። ልጡም ይድረቅና ማገዶ ሆኖ ድስቴን ያፍላልኝ» አለች።

እንዳለችው አደረጉ። ወንዙ ጠራ። ቆዳውም ከወትሮው ለሰለሰ፤ ለልጥ የሚላጠው ግራርም ቀነሰ። በመስቀል ማግስት ሽማግሌዎቹ በሬ እየነዱ መጡ። በሬው ጎንበስ ብሎ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጠጣ። ሽማግሌዎቹ ባሻን እጅ ነስተው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር አንድ ነገር ከመጣሉ በፊት «እስቲ መጀመሪያ ለይመኙሻል አሳዩት» ይባላል። ሴቶቹም ጥራጊ ሲደፉ የሚጠቅም ነገር እንዳለበት ለማየት ቆም ብለው በእግራቸው በተን ያደርጉታል። አሰገደች የገዛ አፏን ቃል ልጆች ሳይቀሩ ሲሉት እየሰማች ኖረች አሉ።

ቆዳ ቤቱ ለባሻ የልጅ ልጆች ተረፈ። ይመኙሻል አገሯ ቆላ ገብታ ሞተች፤ አለቅነት ጠይቃ አታውቅም። አሰገደችም ማንም ሳይሽራት፣ አለቃ እንደሆነች አርጅታ ሞተች።