የአቶ ዘውገ ሰከንድ

በልብስ አጠባ የሚተዳደር አንድ ሰው ያለ ጥፋቱ ውሃ ተዘጋበትና ወደ ውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወደ አቶ ዘውገ ሄደ። አቶ ዘውገ እንግሊዝኛ ካልቀላቀሉ ንግግር አይጥማቸውም። «ዋን ሰከንድ!» ብለውት ቢሯቸው ገቡ፤ እስኪመሽም አላነጋገሩትም። በማግስቱ በራቸው ላይ ቆሞ ሲያገኙት በባለጉዳዮች ፊት ተቆጡት።

«ዋን ሰከንድ ጠብቅ ብዬህ አልነበር? እንግሊዝኛ አይገባህም?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጌታዬ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ስምንተኛ ክፍል የወደቅሁትም በእንግሊዝኛ ነው። ትናንት ሰከንድ ሲሉኝ ከደቂቃ የምታንሰዋ መስላኝ ቆሜ ዋልኩ። ማታ ጎረቤቴን ብጠይቀው ‹ሁለተኛ› ማለትም ነው አለኝ፤ ይኸው ለሁለተኛ ቀን መጣሁ። ሦስተኛ ትርጉም ካለው ግን አሁኑኑ ይንገሩኝ፤ ፍራሼን ይዤ ልምጣ።»

ባለጉዳዮቹ በሳቅ ፈረሱ። ውሃው ከምሳ በፊት ተለቀቀለት።