ሰባት ቤት የተቆጠረለት የመስኮት ሙሽራ

ይህን ተረት ያወረሱኝ ከአጥር ባሻገር ይኖሩ የነበሩት እትዬ ማንያህልሻል ናቸው። እሳቸውም ከአማታቸው ሰምተው፣ ትንሽ ጨው ጨምረውበት። ጠጋ በሉ እስቲ! ጆሮ ያለው ይስማ፣ የሌለው ካጠገቡ ይዋስ።

በድሮ ዘመን፣ ዕቃው ሁሉ እንደ ሰው በሚያወራበት ጊዜ፣ እመት ገብስማ የሚሏት ዶሮ ነበረች። ባሏ በበዓል ዋዜማ «መጣሁ» ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። የት እንደ ገባ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ አፍ አውጥቶ የሚነግራት ግን የለም። የቀሩላት የታቀፈቻቸው እንቁላሎችና ወደ ምዕራብ የምታይ አንዲት መስኮት ናቸው። መስኮቲቱም መጋረጃ የሚባል ነገር ለብሳ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ እመት ገብስማ ጥሬ ልትለቅም ስትወጣ፣ ፀሐይ በመስኮቲቱ ዘላ ትገባና እንቁላሎቹ ላይ ትንጋለላለች።

«እማዬ፣ ነደድን!» ይላሉ እንቁላሎቹ።

«ወይኔ ልጆቼን! ሳይፈለፈሉ ሊቀቀሉብኝ ነው!» ትላለች እናት፣ ጥሬውን ጥላ እየሮጠች። እንዳትወጣ ፀሐይ፣ እንዳትቀመጥ ረሀብ።

ይህን ጉድ ጎረቤቷ ጦጢት አየች። ጦጢት ደግሞ ያላጋባችው የለም፤ ድስትን ከክዳን ያጋባች እሷ ናት ይባላል።

«እመት ገብስማ፣ መስኮትሽ እኮ ለአቅመ መጋረጃ ደርሳለች። ዳሪያት እንጂ!»

«ማን ይወስዳታል ብለሽ?»

«ለእኔ ተይው!»

በማግስቱ ጦጢት ሽማግሌ አስከትላ ደጃፍ ላይ ቆመች። «ልጅዎን ለልጃችን ለፕላስቲክ መጋረጃ ይስጡልን» አለች። ፕላስቲክም ከኋላ ኮሽ ኮሽ እያለ ይንጎራደዳል። ከላይ እስከ ታች ጽጌረዳ ነው፣ አንዱም ግን አይሸትም።

«ወጉ ነውና ሰባት ቤት ይቆጠር፤ አባቱ ማነው?» አለች እመት ገብስማ።

«ኧረ እቴ፣ ዘመኑ ሠልጥኗል! ጽጌረዳውን እያየሽ ዘር ትቆጥሪያለሽ?»

እመት ገብስማ ጽጌረዳውን አየችና ልቧ ሸፈተ። «ሰጥቻለሁ!» አለች። እልል ተባለ፣ ተጨፈረ፣ ተሰቀለ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ መጣች። «ሙሽራው እንዴት ዋልክ?» ብላ ዳሰስ ብታደርገው፣ ሙሽራው አላበው፣ ተጨማደደ፣ ሸተተ።

«እማዬ፣ ይሄ አማች ይሸታል! ራሳችንን አመመን!» አሉ እንቁላሎቹ። እመት ገብስማ በመንቁሯ ጎትታ አወረደችው፤ ነፋስ አንጠልጥሎ ወሰደው።

ጦጢት አፍራ ትቀር መስሏችኋል? ተመልሳ መጣች። «ይሄኛውስ የጨዋ ልጅ ነው። ከፋይ መጋረጃ ይባላል። ከባድ፣ ዝምተኛ፣ ባለ ግርማ! ዘር ብትጠይቂው ይቀየምሻል።»

እመት ገብስማ እንዳይቀየማት ፈራችና አሁንም ሳትቆጥር ሰጠች። ከፋይ ተሰቀለ። ብልና አቧራ ሚዜ ሆነው አብረው ገቡ፤ ሠርጉ አልቆም ሚዜዎቹ አልወጣ አሉ። ቤቱ ጨለመ። ነፋስ ደጅ ቀረ። እመት ገብስማ የመሸ መስሏት በቀትር ተኛች።

«እማዬ፣ መሽቷል ወይስ ሞተናል?» አሉ እንቁላሎቹ እያስነጠሱ። ከሁሉም ትንሹ ግን ዝም አለ።

«አንተስ፣ የኔ ሆድ?»

ጠጋ ብላ ቅርፊቱን በመንቁሯ ነካ ነካ አደረገችው።

«አንተ ልጅ! እናትህን አትግደላት!»

«አ…የር…» አለ ከውስጥ፣ የትንኝ ድምፅ በምታህል ድምፅ።

እመት ገብስማ ከፋይን ከነሚዜዎቹ ዘርጥጣ ጣለችው። ነፋስ ገባ፤ ፀሐይም ተከትላ ዘው አለች። ምስኪን እናት ክንፏን ዘርግታ በመስኮትና በልጆቿ መሃል ቆማ ታለቅስ ጀመር።

ይኼኔ ከጎጆዋ ሥር የተነጠፈው ሰሌን ጉሮሮውን ጠራረገ። «እመቴ፣ ለመስኮትሽ እኔ ልሁናት።»

«አንተ? ሰሌን የሚነጠፍ እንጂ የሚሰቀል ነው? ጎረቤት ቢያይ ማን ሞተባት ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል!»

«ይምጣ። ሽማግሌዬ አያ ሸረሪት ነው። ሰባት ቤቴን ይቁጠርልሽ።»

አያ ሸረሪት ከጣሪያ ወረደና በእግሮቹ መቁጠር ጀመረ። «የሰሌን አባት ዘንባባ። የዘንባባ አባት ፍሬ። የፍሬ እናት አፈር። አፈርን የወለደ ወንዝ። ወንዝን የወለደ ዝናብ። ዝናብን የወለደ ደመና። ደመናንም ከባሕር ላይ ያወጣች…» ብሎ ቀና አለ። «እማማ ፀሐይ! ሰባት ሞላ፤ እንዲያውም አንድ እግር ተረፈኝ።»

ፀሐይ መስኮቱ ላይ እንዳለች ደነገጠች። «ምን? ይሄ የኔ ዘር ነው?»

«ነኝ እንጂ፣ እማማ» አለ ሰሌን። «ግቡ፣ ቤትዎ ነው። ብቻ ቀስ ብለው።»

ሰሌን ተሰቀለ። ፀሐይም በስንጥቁ በኩል እንደ ክር እየቀጠነች ገባችና እንቁላሎቹን ዳሰሰቻቸው። ነፋስም በቀዳዳው ሹልክ አለ።

«እማዬ፣ ይሄ አማች ደስ ይላል!»

ጎረቤቶቿ በግና ፍየል እውነትም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሊያለቅሱ መጡ። ነገሩን ሲሰሙ ነጠላቸውን ገልብጠው ሲጨፍሩ ዋሉ። እንግዲህ መስኮትሽን ስትድሪ ጽጌረዳውን አይተሽ አትስጪ፤ ሰባት ቤት ቁጠሪ።

ከፋይን ሚዜው ብል በላው። ፕላስቲክ ከአጥር እሾህ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ዛሬም አልበሰበሰም። ጦጢት ሠፈር ቀየረች። ጫጩቶቹ ሁሉም ተፈለፈሉ፣ ትንሹ መጨረሻ ወጣ። ሰሌን አረጀና ጓሮ ተጣለ፤ አፈር ሆነ፣ ጎመን በቀለበት።