ከብሩ ሥር የነበረው መስቀል

አንዲት እናት ነበሩ። ከአያታቸው የወረሱትን የጥንት የሮም የወርቅ ሳንቲም ለአርባ ዓመት በአንገታቸው አድርገው ኖሩ። ሳንቲሙ ፊቱ ላይ የንጉሥ መልክ አለበት፤ ጀርባው በብር ተሸፍኗል።

አንድ ቀን የጽዋ ማኅበር ጓደኛቸው፣ «የሮም ነገሥታት አይደሉም እንዴ ሰማዕታትን የፈጁት? አንቺ የጣዖት አምላኪ አንጠልጥለሽ ጽዋ ትጠጫለሽ?» አለቻቸው። እናታችን አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወዲያ ማኅበሩ ደጃፍ አልደረሱም።

ጭንቀቱ ሲብስባቸው ኃይለልዑል ወደሚባል አንጥረኛ ሄዱ።

«ልጄ፣ አቅልጠህ መስቀል ሥራልኝ» አሉት እያለቀሱ። «የአያቴ መታሰቢያ ነበር፤ ግን ጣዖት ተሸክሜ እንዴት ልሙት?»

«እሺ እማማ፤ መጀመሪያ ግን ብሩን ላንሣው። አብሮ ከቀለጠ ወርቁን ያበላሽብኛል።»

ብሩን ያስለበሱት አያትየው ነበሩ። የንጉሥ መልክ ካለ ሌላው ምን ያደርጋል ብለው! ንጉሥ ያየ ሰው ሌላ ምን ይታየዋል?

ኃይለልዑል ብየዳውን በእሳት አላልቶ ብሩን አነሣው። ከዚያ ጮኸ፤ «እማማ! ኧረ ይምጡ ይዩ!»

ምን ነበር? መስቀል! ክንፍ ያላት ምስል ረጅም መስቀል ጨብጣ ቆማለች። ሮማውያን በጣዖት ዘመናቸው ይህችን ምስል የድል አምላካችን እያሉ በወርቃቸው ላይ አክሊል አስይዘው ይቀርጿት ነበር። ወንጌል ሲደርሳቸው መስቀል አስያዟት! የንጉሡ መልክ ሲታሽ ኖሮ ዐይኑም አፍንጫውም ጠፍቷል። መስቀሉ ግን ትናንት የተቀረጸ ይመስላል።

«ታዲያ ምኑን ላቅልጠው?» አለ ኃይለልዑል። «ያዘዙኝ መስቀል ተሠርቶ ነው የመጣው!»

እናታችን እልልታቸውን አቀለጡት። በወሩ ማኅበር መስቀሉን ወደ ውጭ አዙረው ቀና ብለው ገቡ። ያቺ ጓደኛቸው ተነሥታ ተሳለመችው፤ አጠገቧም አስቀመጠቻቸው።

ወገኖቼ፣ ያ ንጉሥ የት አለ? ሠራዊቱስ? ዙፋኑስ? መስቀሉ ግን አለ! ትናንትም አሸነፈ፣ ዛሬም ያሸንፋል!

እናንተስ መስቀላችሁን ምን አልብሳችሁታል? ሹመት ነው? የሰው ወሬ ነው? «እኔ ተበላሽቻለሁ፤ ቀልጬ ካልተሠራሁ አልረባም» ብላችሁ ከእግዚአብሔር ደጅ የቀራችሁ፣ ስሙኝ። በአርባ ቀናችሁ፣ በሰማንያ ቀናችሁ የታተመባችሁ መስቀል አልጠፋም። እንደ እናታችን መስቀል፣ ዘመናችሁን ሙሉ ደረታችሁ ላይ ነበር።

ሽፋኑን አንሡት። አዙራችሁም አድርጉት!