አድርስ የተባለው ተረተር

ልጄ ሶልያና ከሞተች ዛሬ አርባ ቀኗ ነው።

መንደራችን ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ናት። ከመንደሩ ፊት ለፊት፣ ከገደሉ ማዶ፣ አድርስ የሚባል ተረተር አለ። አናቱ ላይ ጥንት ኖራ ይቃጠልበት የነበረ፣ አሁን ቁጥቋጦ የዋጠው ጉድጓድ ይታያል። እንግዳ ሰው ስሙን ሲሰማ በሰላም ያድርስህ ከሚለው የመንገደኛ ምርቃት የመጣ ይመስለዋል። ሽማግሌዎች ግን ስሙ የወጣው ከአንድ ጥሪ ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር በሚሠራበት ዘመን ቢሆነኝ የሚባል ኖራ አቃጣይ ነበር። ድንጋዩን ከማዶው ተረተር ፈልፍሎ እዚያው ያቃጥላል፣ ሲበርድ በአህያ ጭኖ ያመጣል፤ ግንበኞቹ ደግሞ ውኃ አጠጥተው ከአሸዋ ጋር እያቦኩ ድንጋይ ያያይዙበታል። ሚስቱ አንጓች ትባላለች። የወለዷቸው ልጆች ሁሉ ጡት ሳይጥሉ ስለሞቱባቸው፣ በመጨረሻ የተወለደችውን ሴት ልጅ ቢሆነኝ ኖራ ብሎ ጠራት። ጎረቤቱ ፈንቴ፣ «በርበሬ ነጋዴ ብትሆን ኖሮ በርበሬ ልትላት ነበራ» ብሎ ሳቀበት ይባላል። አንጓች ግን፣ «ትኑርልኝ እንጂ ኖራም ትባል» አለች።

ልጅቷ አደገች። ከፍ ስትል ከእናቷ ጋር ሎሚ ታስቀምጥ ጀመር። የኖራ ብናኝ አፍ ያደርቃል፣ እጅ ይበላል፤ ስለዚህ ቢሆነኝ ወደ ተረተሩ ሲወጣ በጨው የተቀመጠ ሎሚ ይዞ ይሄድና ልጣጩን ያኝካል፣ በውኃው እጁን ይታጠባል። አንጓች የበረሃውን ሎሚ ሳትለያየው ሰንጥቃ ጨው ትሞላዋለች፣ ልጅቷ ማሰሮው ውስጥ በጡጫዋ ትጠቀጥቀዋለች፤ ጭማቂው ወጥቶ ሲሸፍነው ማሰሮው ይከደንና አፉ በኖራ ይመረጋል። ሎሚው እስኪለሰልስ ከወር በላይ ይቆያል።

አንድ ዓመት በጥቅምት፣ ቢሆነኝ ማዶ እሳቱን እንደለኮሰ፣ ልጅቷን ንዳድ ያዛት። ሲጠናባት አንጓች ፈንቴን፣ «አፋፉ ላይ ውጣና አባቷን ጥራልኝ፤ በእግር ብትሄድ ይመሽብሃል» አለችው። ፈንቴ ወጥቶ ተጣራ።

«ቢሆነኝ፣ ኖራ እያለቀች ነው፣ ድረስ» አለ።

ቢሆነኝ የሚያቃጥለውንም ኖራ እንደ ሴት ነበር የሚጠራት፤ ነደደች፣ ነጣች፣ አለቀች ይላል፤ ግንበኞቹም ከእሱ ለምደው እንደዚያው ይላሉ። ያን ቀን ደግሞ ነፋስ ነበር። «አድርስ» የተባለ መሰለው ይባላል። እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ «አደርሳለሁ» ብሎ መለሰ።

ወዲህ ማዶ የተሰማው «እደርሳለሁ» ነው። ፈንቴ እየሮጠ ወርዶ ለአንጓች ነገራት። አንጓችም ወደ ልጅቷ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «አባትሽ እደርሳለሁ ብሏል» አለቻት። ልጅቷ በሩን በሩን እያየች ቆየች ይላሉ።

ቢሆነኝ ግን ማገዶ ጨመረ። ድንጋዩ ነጥቶ እስኪበርድ ጠበቀ፣ ጫነና ወረደ፣ ገደሉን ተሻግሮ አህዮቹን ቅጥሩ ድረስ ነዳ። ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ግንበኛ ከላይ ሆኖ አየውና፣ «አያ ቢሆነኝ፣ ምነው፣ ኖራ ልታበላን ነው እንዴ? የምናቦካበት ጉድጓድ እንደሞላ አይደለም ወይ?» አለው።

«እናንተ አይደላችሁም የጠራችሁኝ?» አለ ቢሆነኝ።

ሌላው ግንበኛ ጓደኛውን በክርኑ ጎሰመና፣ «ዝም በል፣ አባቷ እኮ ነው» አለው። ከግንቡ ወርዶም የአህዮቹን ገመድ ከቢሆነኝ እጅ ተቀበለ። ያን ጊዜ ቢሆነኝ ከቅጥሩ ውስጥ አዲሱን የመቃብር አፈር አየ።

ቤቱ ሲገባ አንጓች ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«አድርስ ነው የሰማሁት» አላት።

«እኔ እደርሳለሁ ብሏል ብያታለሁ» አለችው። «ልጄን ዋሽቼ ሸኘኋት።»

ከዚያ ወዲያ አላነጋገረችውም። አንዳንድ ሽማግሌዎች በደንብ ሰምቷል፣ እሳቱን መተው አቅቶት ነው ይላሉ፤ እሳቱ መሀል ላይ ከጠፋ ድንጋዩ ጥሬ ይቀራል፣ የወራት ማገዶም ከንቱ ይሆናል። አንጓችም ይህን ሳትጠረጥር አልቀረችም። እሱ ግን እስኪሞት ድረስ አድርስ ነው የሰማሁት ከማለት ሌላ ቃል አልተናገረም ይባላል። እውነቱን የሚያውቅ የለም። እኔም አላውቅም።

በአርባው ቀን ሰው ሲሰበሰብ፣ አንጓች ልጅቷ የጠቀጠቀችውን ማሰሮ ከጓዳ አወጣች። ምርጉን ሰበረች፣ አንድ ሎሚ ቆርሳ ባሏን አጎረሰችው። ከቀብሩ ወዲህ እጇ ወደ እሱ ሲዘረጋ የመጀመሪያው ነበር። ቢሆነኝ ጎርሶ ቆመ፤ ማላመጥም መዋጥም አቃተው። የተሰበሰበውም ሰው አብሮት ቆሞ ጠበቀው። ሲውጥ አንጓች፣ «በል ተቀመጥ» አለችው። እርቃቸው ያ ነው ይባላል፤ እርቅ ከሆነ።

ከዚያ ወዲህ በእኛ አገር ልጅ በተቀበረ ቀን እናት ሎሚ በጨው ታስቀምጣለች፣ አባት የማሰሮውን አፍ በኖራ ይመርጋል። በአርባው ቀን እናት ከፍታ ታጎርሰዋለች፤ አባት እስኪውጥ ድረስ የሚቀመጥ ሰው የለም። ሕመምም ከአፋፍ ላይ አይጠራም፣ ሰው በእግሩ ሄዶ ይናገራል። አሁን ስልክ ገብቷል። ቢሆንም አንድ ሰው ደውሎ «እያለቀ ነው» ካለ፣ አስቀድሞ «ሰው ነው ዕቃ?» ተብሎ ይጠየቃል። ተረተሩም አድርስ እንደተባለ ቀረ።

ዛሬ ባለቤቴ ምርጉን በቢላዋ ጀርባ ሰበረችው። እኔ ስመርገው አንዱን ጎን አወፍሬው ነበር፣ አስቸገራት። ሎሚው ለስልሷል፣ ቢጫነቱም ጠቁሯል። አጎረሰችኝ። ብዙ ቆየሁ። አጎቴ ከኋላዬ፣ «ግድ የለም፣ ቀስ በል» አለኝ። ከዚያ ዋጥኩት፣ ሰውም ተቀመጠ።

የቀረውን ሎሚ ለቀስተኛው ተካፍሎት ሄደ። ባለቤቴ ጋደም ብላ ነበር። ማሰሮውን አጠብኩና አፉን ወደ ታች ደፍቼ አስቀመጥኩት።