ወጥ የሠሩት የውሃ አባት

ይህን ያጫወቱኝ እትዬ ይመናሹ ናቸው። አጥር ለአጥር ነን፤ የሰፈሩ ወሬ በእሳቸው ደጅ ሳያልፍ የትም አይደርስም።

አንድ ገዢ ነበረ። «ጉልበት የከዳቸው ሽማግሌዎች ሥራቸውን አስረክበው ይጦሩ» ብሎ አዘዘ። ጉልበት የከዳውን ካልከዳው የሚለይለት ለኪ ደግሞ ከባሕር ማዶ አስመጣ። በዚያ ሰው አገር ወንድ ሲያረጅ ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ራሱ ይቀዳል፣ ራሱ ያበስላል። ስለዚህ ሰውየው ሽማግሌዎቹን የሚለካው ባገሩ በለመደው ጥያቄ ነበር።

በአንድ መንደር አያ አጥናፉ የሚባሉ የውሃ አባት ነበሩ። ጎህ ሲቀድ ዳገቱን ወጥተው፣ ድንጋይ እየፈነቀሉ የወንዙን ውሃ ወደ ቦዩ ይመልሳሉ፤ ለየማሳውም በተራ ያከፋፍላሉ። ለኪው እሳቸው ዘንድ መጣ።

«ውሃ ይቀዳሉ?»

«እኔ? እንስራ ተሸክሜ? አልቀዳም።»

«ወጥስ ይሠራሉ?»

«ምን ሆኜ! ሠርቼም አላውቅ።»

«እግርዎን ራስዎ ይታጠባሉ?»

«ምራቴ እንጉዳይ እያለች? ሰው ምን ይላታል!» አሉ፣ ኮራ ብለው።

«አቅም የላቸውም፤ ይጦሩ» አለ ለኪው።

ጎረቤታቸው አያ ላቀው ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቁርጥማት ስለያዛቸው ከደጃቸው ምንጭ አያልፉም። ሲጠየቁ ግን ሁሉንም «አዎ» አሉ። ስለ ዳገቱ የጠየቃቸው የለም፤ እሳቸውም ትንፍሽ አላሉ። ብርቱ ተባሉና ውሃው ለእሳቸው ተሰጠ።

አያ ላቀው ዳገቱ አቃታቸው፤ አቃተኝ ማለትም አሳፈራቸው። ቦዩ ደረቀ። ሽንኩርቱ ይጠወልግ ጀመር፤ ጎረቤትና ጎረቤት አካፋ ተማዘዙ። አያ አጥናፉ ደጃፋቸው ተቀምጠው ማሳው ሲቃጠል ያያሉ።

አንድ ማታ እንጉዳይ እግራቸውን ልታጥብ ውሃ ይዛ መጣች።

«አባባ፣ ዘመቻ ላይ ለጓዶችዎ ወጥ ይሠሩ እንደነበር እማማ ነግረውኛል።»

«ዝም በይ! ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ማሳው ሲደርቅ ሰው እያየ አይደል?»

ሽማግሌው «አምጪው ገበቴውን» አሉና እግራቸውን ራሳቸው ታጠቡ።

በማግስቱ እንስራ በጀርባቸው አዝለው፣ ለኪው ወዳረፈበት ቤት ሊሄዱ በገበያው መሀል አለፉ። ወንዱ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

«አያ አጥናፉ፣ መቼ ነው የሚዳሩት?»

«ሽንኩርትህ ውሃ የጠጣ ለት!» አሉ፣ ሳይቆሙ።

ለኪው ፊት እሳት አንድደው ሽሮ ሠሩ። ቀመሰው።

«ጨው በዝቶበታል፤ ግን ወጥ ነው። ታዲያ ያን ለት ለምን አልሠራም አሉኝ?»

«ስለማልሠራ ነዋ! ሠርቼ አላውቅም ያልኩት ግን ውሸቴን ነው፤ ኩራት ነው ያስዋሸኝ። አንተም ደግሞ የምሠራውን አልጠየቅከኝም። በል ተከተለኝ።»

ዳገቱን ያዙት። ለኪው እኩሌታው ላይ ትንፋሹ አጥሮት ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ቀና ሲል ሽማግሌው ከላይ ድንጋይ ይፈነቅላሉ፤ ውሃው እየተንፎለፎለ በአጠገቡ ወረደ።

እኛም ቤት ይህ አለ። ሽማግሌው የማይሠራውን እናይና አይችልም እንላለን፤ አንድ ነገር ሲሠራ እናይና ሁሉን ይችላል እንላለን። የሰውን አቅም ማወቅ የፈለገ በሰውየው ኑሮ ይለካው እንጂ በራሱ ኑሮ አይለካው። ተለኪውም ኩራቱን ትቶ እውነቱን ይናገር። እናንተስ አባታችሁን በምን ለካችሁት?

አያ ላቀው ደጃቸው ተቀምጠው የውሃ ተራ የሚጠሩ ሆኑ። ለኪው በሌላ መንደር ሽማግሌ ሲያገኝ መጀመሪያ «ቀንዎ እንዴት ይውላል?» ይላል። እንጉዳይ የአማቷን እግር ማጠብ አልተወችም። አያ አጥናፉ ወደ ቦያቸው ተመለሱ፤ አንዳንድ ቀን ወጥ ይሠራሉ። ጨው አሁንም ያበዛሉ።