ይትባረክን ማሽን የከለከለው ማን ነው?

አንድ ፈላጊ ነበረ፤ የፈለገውም አንድ ነገር ብቻ ነበረ። ስሙ ይትባረክ፣ ከተማው ደሴ፣ የፈለገው ሂት ፕሬስ ነው። ሂት ፕሬስ ማለት በሙቀት ተጭኖ ቲሸርት ላይ ጽሑፍና ሥዕል የሚያትም ማሽን ነው። ነጎድጓድ የሚባለው የሰፈሩ የኳስ ቡድን አሥራ ስምንት ማሊያ አዞታል። ይትባረክ ሥራ ልጀምር ካለ ወዲህ የመጣለት የመጀመሪያው ትዕዛዝ ይህ ነው። ጨዋታው እሑድ ነው። እስከ ቅዳሜ ካላደረሰ ትዕዛዙ ኮምቦልቻ ላለ ሌላ አታሚ ይሄዳል፤ ሁለተኛ የሚያዘውም አይገኝም።

ይትባረክ ጠንቃቃ ነው። ከጠንቃቃም ጥቂት አለፍ ይላል። ማሽን ለመምረጥ የራሱን ደረት በሜትር ለካ፤ አልበቃ ብሎት የጎረቤቱን ለካ፤ ሁለቱንም ደብተሩ ላይ ጻፈ። ለሙከራ እንዲሆነው «ነጎድጓድ» የሚለውን ቃል በሙቀት ከሚለጠፍ ነጭ ፕላስቲክ ሊቆርጥ ተነሣ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ተገልብጦ ይቆረጣል፤ ሲለጠፍ ይቃናል። ስለዚህ ገለበጠው። ተጠራጠረና እንደገና ገለበጠው። አሁን እርግጠኛ ሆነ፤ ቆረጠና ፖስታ ውስጥ ከተተው፤ ለመሞከሪያ አንድ ትርፍ ባዶ ማሊያም ያዘ።

ከዚያ ፒያሳ ወዳለው የጋሽ ሙሄ ሱቅ ወረደ። ሦስት ማሽኖች ተደርድረዋል። ትንሿ ርካሽ ናት፤ ግን ከሕፃን ካናቴራ አታልፍም። ትልቁ ሁሉን ያትማል፤ ግን ዋጋውን የሰማ ሰው መቀመጫ ይፈልጋል። መካከለኛው ያገለገለ ነው፤ እንደ አዞ አፉን ይከፍታል፤ ለደረትም ለኪስም ልክ ነው።

«ጋሽ ሙሄ፣ ይህን ይሽጡልኝ።»

«ሲሠራ ሳላይ አልሸጥም» አሉ ጋሽ ሙሄ። «ባለፈው ሳልሞክር የሸጥኩት ጁስ መፍጫ ተመልሶ መጥቶ ይኸው መደርደሪያው ላይ ያፈጥብኛል።»

ማሽኑን ሰኩት። ጠቅ! የሱቁ መብራት ጠፋ። የጎረቤቱ ፀጉር ቤት መብራትም አብሮ ጠፋ፤ ግማሽ ጭንቅላቱን የተላጨ ሰውዬ ወጥቶ ጮኸ። ሶኬቱ ይህን ማሽን አልችልም ማለቱ ነው።

ይትባረክ ወደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወደ እንድሪስ ሄደ።

«እንድሪስ፣ ሶኬቱ አልችልም አለ፤ ጋሽ ሙሄ ሳላይ አልሸጥም አሉ፤ እኔም ማሊያዬን ማተም አልቻልኩም። ወፍራም ገመድ ዘርጋልኝ።»

«ገመዱ የሚያልፈው በኮርኒሱ ላይ ነው። ያለ መሰላል አልዘረጋም፤ ክንፍ የለኝም» አለ እንድሪስ። «መሰላሌን ደግሞ እትዬ ጥሩወርቅ ተውሰው ቀሩ።»

መሰላሉ በእትዬ ጥሩወርቅ ጣሪያ ላይ፣ በሁለት ድንጋይ መካከል ተኝቶ ተገኘ።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ እንድሪስ ያለ መሰላል አልዘረጋም አለ፤ ሶኬቱ አልችልም አለ፤ ጋሽ ሙሄ ሳላይ አልሸጥም አሉ፤ እኔም ማሊያዬን ማተም አልቻልኩም። መሰላሉን ይስጡኝ።»

«ቆርቆሮዬ ሳይመታ አልሰጥም» አሉ። «መሰላሉ ባይጫነው እኮ ነፋሱ ቆርቆሮዬን ይዞት ሐይቅ ይገባ ነበር።»

«እኔ ልምታልዎት?»

«አንተማ ልጄ፣ ምስማሩን ለክተህ እስክትጨርስ ክረምት ይገባል። አናጢውን ጌጡን ጥራልኝ።»

አናጢው ጌጡ የነጎድጓድ አሰልጣኝም ነው። ማሊያውን ያዘዘው ራሱ ነው። ይትባረክ በዚህ ደስ አለው፤ የራሴ ሰው ነው ብሎ።

«ኮች፣ እትዬ ጥሩወርቅ ቆርቆሮዬ ሳይመታ አልሰጥም አሉ፤ እንድሪስ ያለ መሰላል አልዘረጋም አለ፤ ሶኬቱ አልችልም አለ፤ ጋሽ ሙሄ ሳላይ አልሸጥም አሉ፤ እኔም ማሊያህን ማተም አልቻልኩም። መዶሻህን ያዝ።»

«አልይዝም!» አለ ጌጡ። «አምና ያሳተምነው ማሊያ ገና በመጀመሪያው እጥበት ፊደሉ ረገፈ። ደረታችን ባዶ ሆኖ አራት ገባብን። ደግሞ ላንተ ብዬ ጣሪያ ላይ ልውጣ? አንድ ማሊያ አምጣ። አንድ ብቻ! ጎትቼው የማይላቀቅ መሆኑን ሳላይ መዶሻ አልይዝም። ነገ ጠዋት ኮምቦልቻ እደውላለሁ።»

ይትባረክ እንጨት ክምር ላይ ተቀመጠ። ደብተሩን ገለጠና ጮክ ብሎ አነበበ።

«ጌጡ ማሊያ ሳላይ መዶሻ አልይዝም አለ፤ እትዬ ጥሩወርቅ ቆርቆሮዬ ሳይመታ አልሰጥም አሉ፤ እንድሪስ ያለ መሰላል አልዘረጋም አለ፤ ሶኬቱ አልችልም አለ፤ ጋሽ ሙሄ ሳላይ አልሸጥም አሉ፤ ያለ ማሽን ደግሞ ማሊያ የለም፤ ያለ ማሊያ ጌጡ መዶሻ አልይዝም አለ...»

«ኧረ በቃህ፣ አዞርከኝ!» አለች ዘሐራ። ዘሐራ ከጌጡ ደጃፍ አጠገብ በከሰል ካውያ የሰው ልብስ ትተኩሳለች። «ስንት ናቸው እምቢ ያሉህ?»

«ከነሶኬቱ አምስት።»

«ለአንድ ማሊያ ነው ይህ ሁሉ? ያው ካውያዬ፣ ተኩሰው።»

«አይሆንም። የከሰል ካውያ ዲግሪ የለውም። ደብተሬ መቶ ስድሳ ዲግሪ፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ይላል። ዲግሪውን ሳላውቅ አላትምም።»

ዘሐራ አጨበጨበች። «ስድስተኛው ተገኘ! አምስቱን ስትለምን ዋልክ፤ ይህን ስድስተኛውን ማን ይለምንልህ?»

 ይትባረክ ደብተሩን አየ። የራሱ ስም ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

«ና እዚህ» አለች ዘሐራ። ጣቷን ውኃ ነክራ ካውያው ላይ ረጨች። «ጠብታዋ እየዘለለች ከሮጠች በዝቷል። ተኝታ ከፈላች ገና ነው። ጭስስ ብላ ከጠፋች ልክ ነው። የእኔ ዲግሪ ይህች ናት፤ እስከ ዛሬ ያቃጠልኩት ሸሚዝ የለም።»

ጠብታዋ ጭስስ ብላ ጠፋች። ይትባረክ ፖስታውን ከፈተ፤ ፊደሉን ማሊያው ላይ አነጠፈ፤ ስስ ጨርቅ አለበሰው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ካውያውን በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። አሥራ አምስት ቆጠረ። ትክክል መቁጠሩን ስለተጠራጠረ ሌላ አሥራ አምስት ጨመረ።

ጨርቁን አነሣ። ተለጥፏል።

ግን ተገልብጧል። የመጨረሻው ፊደል መጀመሪያ ቆሟል፤ ሁሉም ፊታቸውን አዙረዋል። ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ነገር እንዳልተገለበጠ የሚቆጠር መሆኑ ለይትባረክ ያን ጊዜ ገባው። ዘሐራ ሳቋን ለመያዝ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ጌጡ ግን አልሳቀም። ፊደሉን በጥፍሩ ጎተተ፤ አልተነሣም። በጥርሱ ጎተተ፤ አልተነሣም። በዘሐራ ሳፋ ውስጥ ነክሮ አሸው፤ ጨመቀው፤ አንዲት ፊደል አልነቃነቀችም። እርጥቡን ለበሰና በዘሐራ ደጃፍ የተሰቀለው መስታወት ፊት ቆመ።

«ነ-ጎ-ድ-ጓድ! እንዲህ ነው እንጂ! በደንብ ይነበባል!»

«ላንተ ብቻ ነው የሚነበበው፣ ኮች» አለ ይትባረክ በቀጭን ድምፅ።

«እና? የለበስኩት እኔ!» አለና መዶሻውን አነሣ።

መዶሻው ምስማሩን መታ፤ ምስማሩ ቆርቆሮውን ያዘ፤ እትዬ ጥሩወርቅ መሰላሉን ሰጡ፤ መሰላሉ እንድሪስን አወጣ፤ እንድሪስ ገመዱን ዘረጋ፤ ሶኬቱ ማሽኑን ቻለ፤ ማሽኑ አፉን ከፍቶ ጋለ፤ ጋሽ ሙሄም ካዩ በኋላ «በል እንግዲህ፣ መርቄ ሸጥኩልህ» አሉ። ያ ግማሽ የተላጨው ሰውዬም ሌላው ግማሽ ተላጨለት።

ቅዳሜ ከሰዓት አሥራ ስምንቱ ማሊያዎች ተጣጥፈው ደረሱ። ይትባረክ አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ገልብጦ፣ ተመልሶ እንዳይነካው እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ስለነበር፣ ሁሉም ቀጥ ብለው ይነበባሉ። አንድ ነገር ብቻ ከነከነው።

«ኮች፣ ያቺን የተገለበጠችዋን መልስልኝ። በማሽኑ አቃንቼ ሌላ ልሥራልህ።»

ጌጡ አልሰጥም አለ።

ይትባረክ ወደ ዘሐራ ሄደ። «ዘሐራ፣ ጌጡ አልሰጥም አለ...»

ዘሐራ ካውያዋን አነሣችና አልሰማም አለች።

እኔም ከዚህ በላይ አላወራም፤ ከሰሉ ሳይከስም ወደየሥራችሁ ሂዱ።